ፀሐይና ውሽንፍር የሚችል ቫርኒሽ፦ ለወሎ በርና መስኮት

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ የእንጨት በር አሳምሮ አስቀብቶ፣ በሁለተኛው ዓመት ቅርፊቱ ሲረግፍ ያላየ ሰው ጥቂት ነው። ወቀሳው ሁልጊዜ የሚያርፈው ክረምቱ ላይ ነው። ክረምቱ ግን ጨራሽ እንጂ ጀማሪ አይደለም፤ ሥራውን የምትጀምረው የበጋዋ ፀሐይ ናት። ጥርት ያለ ቫርኒሽ ብርሃን ስለሚያሳልፍ አልትራቫዮሌት የሚባለው ጨረር እንጨቱ ድረስ ይዘልቅና የእንጨቱን ክሮች አጣብቆ የያዘውን ሊግኒን ይበላዋል። ክሩ ሲላላ ቫርኒሹ የሚጨብጠው አጥቶ ይነሳል። ሐምሌ ላይ ውሽንፍሩ ሲመጣ የሚያገኘው አስቀድሞ የለቀቀ ቅርፊት ነው።

እኛ ደግሞ ከፍታ ላይ ነን። በየ1000 ሜትሩ ይህ ጨረር በግምት ከ10 እስከ 12 በመቶ ይጨምራል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ ደላንታና ወረኢሉ ያላችሁ የባሰውን ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ጣሳው ላይ «ለ5 ዓመት» የሚል ተስፋ ተጽፎ ብታዩ ቀንሳችሁ አንብቡት። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ የሚያጠነጥነው በአንድ ሐሳብ ላይ ነው፤ ጥሩ ቫርኒሽ መግዛት ግማሹ ሥራ ሲሆን፣ ሌላው ግማሽ ሳይላላጥ በፊት እየደረቡ መሄድ ነው።

ቅርፊቱን ገልብጣችሁ እዩ

በሩ ቀድሞ የተቀባ ከሆነ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ከግርጌው የተነሳ ቅርፊት በጥፍራችሁ ላጡና ጀርባውን ወደ ብርሃን ያዙት። ሦስት ዓይነት ነገር ታያላችሁ።

ጀርባው ላይ ግራጫ፣ ጥጥ መሰል የእንጨት ክር ተጣብቆ ከመጣ በሩን የጎዳችው ፀሐይ ናት። ቫርኒሹ በደንብ ይዞ ነበር፤ የለቀቀው እንጨቱ ራሱ ነው። መፍትሔው ቀለም ያለው ቫርኒሽ፣ ተጨማሪ እጅ (አንድ ዙር ቅብ አንድ እጅ ይባላል) እና ጥላ ነው።

ጀርባው ንጹሕና የሚያብረቀርቅ ከሆነ ከመጀመሪያውም አልያዘም ማለት ነው። ቅባት ወይም አቧራ ላይ ተቀብቷል፤ አለዚያ የድሮው ቫርኒሽ በብርጭቆ ወረቀት ሳይታሽ ተደርቦበታል። እዚህ ላይ ውድ ቫርኒሽ ብትገዙም ያው ነው የሚሆነው።

ቅርፊቱ ሥር እንጨቱ ጠቁሮ ከረጠበ ወይም ከሻገተ ግን ውሃ ከኋላ ገብቷል። የበሩን የታችኛውን ጠርዝ እዩ፤ በእርግጠኝነት ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ምንም አልተቀባም። አናጢው በሩን ከገጠመ በኋላ ቀቢው ይመጣል፣ ብሩሹ እታች አይገባም፣ ማንም አጎንብሶ አያየውም። እንጨት ደግሞ ውሃ የሚጠጣው በፊቱ ሳይሆን በተቆረጠው ጫፉ ነው፤ ጫፉ ከፊቱ በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ይመጥጣል።

ምስማሩ ዙሪያ ብቻ ጥቁር ክብ ካለ ችግሩ ሌላ ነው። የምስማሩ ዝገት እንጨቱ ውስጥ ካለው ታኒን ከሚባል ንጥረ ነገር ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል። ለውጭ ሥራ ዚንክ የተለበጠ ምስማር ወይም ብሎን ይሻላል።

ከቫርኒሹ በፊት ጥላው

ላስታ ውስጥ ያለውን የይምርሐነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ያየ ሰው እንጨቱና የተለሰነው ድንጋይ እየተፈራረቁ የተሠራው ግድግዳ ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደቆመ ያውቃል። ዋሻ ውስጥ ስለሆነ ፀሐይም ዝናብም በቀጥታ አያገኘውም። የትኛውም ጣሳ ያንን አይሠራም። ለእናንተ በር ዋሻው የጣሪያው ጠፈጠፍ ነው፤ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ ከወጣ የቫርኒሹን ዕድሜ በእጅጉ ያረዝመዋል።

አቅጣጫውንም ተመልከቱ። በጋውን በሙሉ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ጊዜ፣ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታጋድላለች፤ ስለዚህ በብዛት የሚነደው የደቡብ ፊት ነው። የምዕራቡ ፊት ከሰዓት በኋላ ያለውን ሙቀት ይቀበላል። ወደ ሰሜን የምትዞረው ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ነው፤ ያኔ ግን ከአናት ብዙም ስለማትርቅ ጠፈጠፉ ያጠላል፣ ክረምት ሲገባም ደመናው ይጋርዳል። የሰሜን በር ላይ ሦስት ዓመት የቆየ ቫርኒሽ የደቡብ መስኮት ላይ አንድ ዓመት ቢያቅተው አይግረማችሁ።

በቅንነት ልንገራችሁ፤ ጠፈጠፍ የሌለው፣ ወደ ደቡብ ወይም ወደ ምዕራብ የሚያይ በር ካላችሁ ጥርት ያለ ቫርኒሽ አትቀቡ። የዘይት ቀለም ቀቡት። የእንጨቱ ውበት ይሸፈናል፣ በሩ ግን ይቆያል። ቫርኒሹን በረንዳ ሥር ላለው አስቀሩት።

አንድ ሌላ ነገር፦ ከጠፈጠፉ የሚወርደው ውሃ መሬት ነጥሮ የበሩን የታችኛውን ክፍል ይመታል። ከደጃፉ ፊት ያለው መሬት ጭቃ ወይም ልስን ሲሚንቶ ከሆነ ፍንጣቂው ብዙ ነው። ጠፈጠፉ በሚያርፍበት መስመር ጠጠር ማፍሰስ ርካሽና የሚሠራ ዘዴ ነው።

ሱቅ ስትገቡ

«ይኼ ለውስጥም ለውጭም ይሆናል ጋሼ» ሲሏችሁ ጣሳውን አዙራችሁ አንብቡ። ለውጭ የሚሆን ቫርኒሽ «ኤክስቴሪየር» ወይም «ስፓር» ወይም «ማሪን» የሚል ጽሑፍ ይኖረዋል፤ ከፀሐይ ጨረር የሚከላከል መሆኑንም «ዩቪ» በሚል ይገልጻል። ስፓር የመርከብ ምሰሶ ነው፤ ቫርኒሹ የተሠራው ፀሐይ፣ ጨውና ንፋስ ለማይለየው እንጨት ስለነበር ዘይቱ በዛ ያለና ልል ነው። ልል መሆኑ ነው ቁም ነገሩ። የውጭ እንጨት ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሸበሸባል፤ ቫርኒሹ አብሮት መሳሳብ አለበት።

የቤት ዕቃ ሠሪዎች የሚረጩት ላከር ለቁም ሣጥንና ለአልጋ ያማረ ነው፤ ቶሎ ይደርቃል፣ እንደ መስታወት ይሆናል። ውጭ ሲወጣ ግን እንደዚያው እንደ መስታወት ይሰነጠቃል። በሩን ያሠራችሁት ዕቃ ቤት ከሆነና «ቀብተን እናስረክባለን» ካሏችሁ፣ የሚቀቡት ምን እንደሆነ ጠይቁ፤ ላከር ከሆነ ሳይቀባ ተቀበሉ። ለወለል የሚሠራው ጠንካራ ፖሊዩረቴንም የውጭ መሆኑ ካልተጻፈበት ዕጣው ከዚህ አይሻልም።

ፍጹም ጥርት ያለውን ትታችሁ ቀለል ያለ ቡናማ ያለበትን ምረጡ። ቀለሙ ጨረሩን ይጋርዳል። በጣም የጠቆረው ግን ሙቀት ይስባል፤ ለኮምቦልቻ፣ ለባቲና ለከሚሴ አልመክረውም። የሚያብረቀርቀውና የደበዘዘው አማራጭ ካለ ለውጭ የሚያብረቀርቀው ይበረታል፤ ማደብዘዣው ዱቄት ሽፋኑን ያደክመዋል።

ስለ ተልባ ዘይት ብዙ ሰው ይጠይቃል፤ በአገራችን ደጋ ተልባ ሞልቶ የለ! ከመጭመቂያ የወጣው ጥሬ የተልባ ዘይት በእርግጥ ይደርቃል፣ ግን ቀናት አንዳንዴም ሳምንታት ይፈልጋል፤ እስኪደርቅ አቧራ ይሰበስባል፤ እርጥበት ባለበት ደግሞ ይሻግታል። ለገበያ የሚቀርበው «የተፈላ» የሚባለው ማድረቂያ ማዕድን የተጨመረበት ነው፤ ቤት ውስጥ ምድጃ ላይ ማፍላት ያንን አይተካም፣ እሳትም ያስነሳል። ለመጥረቢያና ለዶማ እጀታ የተልባ ዘይት ግሩም ነው። ለደጃፍ በር ብቻውን አይበቃም። የተቃጠለ የመኪና ዘይትማ አይነሳ፤ አንዴ የጠጣ እንጨት ላይ ቫርኒሽ አይዝም።

መጠኑን ስታሰሉ፦ 90 በ210 ሳንቲ ሜትር የሆነ በር አንድ ፊቱ 2 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ውጩን አምስት እጅ፣ ውስጡን ሁለት እጅ፣ መቃኑንና ጠርዙን ጨምሮ ወደ 19 ካሬ ሜትር ይሆናል። በለስላሳ እንጨት ላይ አንድ ሊትር ለአንድ እጅ 10 ካሬ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። ስለዚህ 2 ሊትር ያዙ።

መቼ ይቀባል

ከመስቀል በኋላ፣ ጥቅምት መሬቱ ሲጠፍ። እንጨቱ ክረምት የጠጣውን እስኪተፋ ጥቂት ሳምንት ስጡት። ወሎ በልግ አለውና የካቲት ድረስ አታዘግዩት፤ «በጋ ነው» ብለው መጋቢት ላይ የሚጀምሩ ሰዎች ሥራቸውን በበልግ ዝናብ ሲያስበሉ ማየት የተለመደ ነው።

ቤቱ ኖራ የሚቀባ ከሆነ ኖራው ይቅደም። ኖራ አዲስ ቫርኒሽ ላይ ሲንጠባጠብ ያበላሸዋል፤ ዘይት ያለበትን ቫርኒሽ እየበላ ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል።

በደሴና ከዚያ በላይ ባሉ ደጋዎች ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ጠዋት ጤዛ አለ፣ አንዳንዴም ውርጭ። ስለዚህ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት አትጀምሩ፣ ከ8 ሰዓት በኋላም አዲስ እጅ አታሳርፉ፤ ፊቱ ሳይደርቅ ጤዛ ካገኘው ይደበዝዛል ወይም ነጭ ይሆናል። ቆላው ላይ ችግሩ ተቃራኒው ነው፦ በቀጥታ ፀሐይ ያረፈበት እንጨት ላይ ሲቀባ ፊቱ ቀድሞ ይደርቅና ከሥር የታፈነው አየር ፊኛ ያወጣል። ጥላን ተከተሉ። የምሥራቁን ፊት ከሰዓት፣ የምዕራቡን ፊት ረፋድ ላይ ቀቡ።

እንጨቱ መድረቁን ለማወቅ መሣሪያ ከሌለ ጥርት ያለ ላስቲክ በእንጨቱ ላይ አድርጋችሁ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጉና አሳድሩ። ጠዋት ላስቲኩ ውስጥ ላብ ካለ ጠብቁ። በተለይ ባሕር ዛፍ ቶሎ የደረቀ ይመስላል፤ ውስጡ ግን እርጥብ ነው፣ ሲደርቅም ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል።

አዘገጃጀት

የለቀቀውን ቅርፊት በስፓቱላ ወይም በመፋቂያ በእንጨቱ መስመር አንሱ፤ አቋርጣችሁ አትፋቁ። በሩ ድሮ የዘይት ቀለም የተቀባ ከሆነ አቧራው እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖረው ስለሚችል ውሃ እየነካችሁ ፋቁ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ልጆችን አርቁ። ኮስቲክ ሶዳ ሥራውን ያቀላል፤ ነገር ግን ታኒን የበዛበትን እንጨት ያጠቁረዋል፤ በደንብ ካልታጠበም አዲሱን ቫርኒሽ ከሥር ይበላዋል።

ከዚያ በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ግራጫው እስኪጠፋ እሹ፤ ቀጥሎ በ120፣ መጨረሻ በ150። ግራጫ የቀረበት ቦታ መልሶ ይላላጣል፤ እዚያ ላይ ስስት አያዋጣም። ከ150 በላይ አትሂዱ፣ በጣም ከለሰለሰ የመጀመሪያው እጅ የሚይዘው ያጣል። የብረት ሱፍ አትጠቀሙ፤ ስባሪው እንጨቱ ውስጥ ቀርቶ ይዝጋል።

ሹል ጠርዝ ሁሉ ይዶልዱም። ቫርኒሽ ሲደርቅ ከሹል ጠርዝ ይሸሻል፤ እዚያ ሁልጊዜ ስስ ነው፤ መላላጡም ከዚያ ይጀምራል። በብርጭቆ ወረቀት ጥቂት ጊዜ ማሸት ነው።

እንጨቱ ጽድ ከሆነ የራሱ ዘይትና ሙጫ ስላለው በቲነር በተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ጥረጉትና ሲተን ወዲያው ቀቡ። ወይራም እንዲሁ ነው። ዋንዛ ሥራ የማያስቸግር እንጨት ነው፤ ቫርኒሽ ያምርበታል፣ ጠባዩም የዋህ ነው። ኤምዲኤፍና ቺፑድ (ከተፈጨ እንጨት በማጣበቂያ የሚሠሩት ሳንቃዎች) ለውጭ አይሆኑም፤ ምንም ብትቀቧቸው ክረምቱ ያሳብጣቸዋል። ምስጥ ባለበት አካባቢ ደግሞ ቫርኒሽ ምስጥ አይከላከልም፤ ለዚያ የራሱ መድኃኒት አለው።

አሽታችሁ የጨረሳችሁትን እንጨት ሳምንታት ፀሐይ ላይ አታቆዩት። ባዶ እንጨት ፀሐይ እንዳየች መበላት ይጀምራል፤ ዛሬ አሽታችሁ ነገ ቀቡ።

አቀባብ

በሩን ከማጠፊያው አውልቁት፤ ይህን እርምጃ ዝለሉ የሚላችሁን አትስሙ። ሁለት በርሜል ወይም ሁለት ወንበር ላይ አጋድሙት። መጀመሪያ የሚቀባው የታችኛውና የላይኛው ጠርዝ ነው፤ ጠጥቶ እስኪጠግብ ደጋግሙት። የቁልፍ ቀዳዳውንና የማጠፊያውን ጉድጓድም አትርሱ።

ቫርኒሹን በእንጨት አማስሉ፤ ጣሳውን አትነቅንቁ፣ አረፋ ይሞላዋል። የምትቀቡትን ያህል ወደ ሌላ ዕቃ ቀንሱና ጣሳውን ክደኑ።

የመጀመሪያው እጅ ቀጠን ይበል፤ ጣሳው በሚፈቅደው ቲነር ብዙ ጊዜ 10 በመቶ ያህል ይቀጥናል። ወደ ውስጥ ይሰርጋል፣ የሚቀጥለውን ይይዛል። ከሁለተኛው ጀምሮ ሳይቀጥን ይቀባል። ብሩሹን ሲሶ ያህል ንከሩ፣ በእንጨቱ መስመር ዘርጉት፣ መጨረሻ ላይ በብሩሹ ጫፍ ብቻ ከዳር እስከ ዳር አንዴ ጎትታችሁ ተዉት። ሊደርቅ የጀመረውን ተመልሳችሁ አትነካኩ። ወፍራም አንድ እጅ ሁለት ስስ እጅ አይሆንም፤ ይወርዳል፣ ይሸበሸባል፣ ሥሩም ለብዙ ጊዜ ለስላሳ ሆኖ ይቆያል።

በየእጁ መካከል ጣሳው የሚለውን ሰዓት ጠብቁ፤ በደጋ ብርድ ላይ ደግሞ ጨምሩበት። በ220 ቁጥር ወረቀት ስታሹት ነጭ ዱቄት ከሰጠ ደርቋል፤ ወረቀቱን ሙጫ ከያዘው ገና ነው። ታሽቶ በደረቅ ጨርቅ ተጠርጎ ቀጣዩ እጅ ይደረባል። ለውጭ ፊት ከአራት እጅ በታች አትቁሙ፤ ለደቡብና ለምዕራብ ስድስት ብታደርሱት ዋጋ አለው። ውስጡን ጭራሽ ባዶ አትተዉት፤ አንድ ፊቱ ብቻ የተቀባ በር አንድ ወገን እርጥበት እየሳበ ይጣመማል።

እንክብካቤ

እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ሰው የሚለየው። የቀባ ሰው በሩን የሚያስታውሰው ሲላላጥ ነው፤ ያኔ ደግሞ ሥራው ከዜሮ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

በዓመት ሁለት ጊዜ እዩት፤ ግንቦት ላይ ክረምቱ ሳይገባ፣ መስከረም መጨረሻ ላይ ከወጣ በኋላ። በለስላሳ ጨርቅ፣ ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ሳሙና እጠቡት፤ በረኪና አታስጠጉ። የጭስ ቤት በር ከሆነ ጥላሸቱ ቅባት ስላለው ሁለቴ ይታጠብ። ሲደርቅ በጣታችሁ ጥቂት ውሃ እርጩበት፣ ከላይ ሳይሆን ከታች ግማሹ ላይ። ጠብታው ክብ ሆኖ ከቆመ ደህና ነው። ተዘርግቶ እንጨቱ ሥር ከጠቆረ ቫርኒሹ አልቋል፤ ዓይን ገና ሳያየው ውሃው ነገራችሁ ማለት ነው።

የሚያብረቀርቀው መደብዘዝ ሲጀምር፣ ገና አንድም ቅርፊት ሳይነሳ፣ በ220 አሽታችሁ አንድ ወይም ሁለት እጅ ደርቡ። የደቡብና የምዕራብ ፊት በየዓመቱ፣ ጥላ ያለው በየሁለት ወይም በየሦስት ዓመቱ ይፈልጋል። ግማሽ ቀን የማይሞላ ሥራ ነው። በሩን ስታወልቁ በላይኛው ጠርዝ ላይ የቀባችሁበትን ወርና የቫርኒሹን ስም በእርሳስ ጻፉ፤ የተለያየ ዓይነት ቫርኒሽ ሲደራረብ አለመስማማት አለና ለሚቀጥለው ጊዜ ይጠቅማችኋል።

መዳፍ የማታህል ቦታ ብቻ ከተላጠች ሙሉውን አትፋቁ። የተነሳውን አንሱ፣ ዳሩን በ120 እያሻሻችሁ ደረጃው እስኪጠፋ አመሳስሉት፣ ባዶውን እንጨት ብቻ ሦስት እጅ ቀቡ፣ ከዚያ ከመጋጠሚያ እስከ መጋጠሚያ ያለውን ሳንቃ በሙሉ አንድ እጅ ደርቡበት፤ መለጠፊያው አይታወቅም። ከበሩ ሩቡ ያህል ከተላላጠ ግን መለጣጠፉን ትታችሁ ጨርሳችሁ ፋቁት።

ስትጨርሱ

ዘይት ያለበት ቫርኒሽ ወይም የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጥግ ከተጣለ ራሱን አሙቆ ያለ ክብሪት ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት፤ ከዚያ በኋላ ጣሉት። ብሩሹን በቲነር፣ ቀጥሎ በሳሙና እጠቡ። የተረፈውን ቫርኒሽ ከትልቁ ጣሳ ወደሚሞላው ትንሽ ክዳን ያለው ዕቃ ገልብጡ፤ ፊቱን የሚያደርቀው ከላይ የቀረው አየር ነው። በሚቀጥለው ዓመት ቆዳ አውጥቶ ካገኛችሁት ቆዳውን አታማስሉት፤ አውጥታችሁ በናይለን ካልሲ አጥሉት። ከሥር ያለው ረግቶ እንደ ሙጫ የሚጎተት ከሆነ ቲነር አያድነውም፤ አዲስ ግዙ።